የባዳን ድንጋይ ማን ያንብብልን?

አርሲ ሲባል ለብዙ ሰው በመጀመሪያ ትዝ የሚለው ስንዴና ገብስ ነው፤ ቀጥሎም አሰላና በቆጂ ያፈሯቸው ሯጮች ናቸው። በረዶ ነው የሚል ሰው አይገኝም። እኛ ከሲሬና ከአካባቢዋ የመጣን ተማሪዎች ግን ስለ በረዶ ለመጻፍ ተነሥተናል። በረዶ ስንልም በሐምሌ ከዝናብ ጋር ወርዶ ቡቃያውን የሚመታውን አይደለም። ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ ተደራርቦ፣ በገዛ ክብደቱ ተጠቅጥቆ፣ ከተራራው ራስ ወደ ሸለቆው እንደ ወፍራም ሊጥ ቀስ እያለ የሚወርደውን ግግር በረዶ ነው። ይህ ዓይነቱ በረዶ ዛሬ በኢትዮጵያ ምድር የለም። ነገር ግን ነበር። ከሲሬ ወደ ደቡብ በሚገኙት በአርሲ ተራሮች፣ በተለይም በባዳ ላይ፣ ከዚያም አልፎ በባሌ ደጋ ላይ፣ ሸለቆ ቆፍሮ፣ አለት ፍቆ፣ ድንጋይ ቆልሎ ሄዷል። እርሱ ቢሄድም ቁልሉ እስከ ዛሬ አለ።

የጽሑፋችን ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በግግር በረዶ ላይ የሚከመረው ድንጋይ በረዶውን ምን እንደሚያደርገው፣ ሊቃውንትም ይህን በሂሳብ ሞዴል ለማስላት ለምን እንደሚደክሙ በሚገባን አማርኛ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው፣ ነገሩ የሂማላያና የአልፕስ ብቻ ሳይሆን የአርሲም ጉዳይ መሆኑን አሳይተን፣ እኛ ተማሪዎች ልናደርገው የሚገባንን መናገር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ነበረው በረዶ እንናገር። በባሌ የሳነቴ ሜዳ ላይ የቆመው ቱሉ ዲምቱ፣ ስሙም በኦሮምኛ ቀይ ተራራ ማለት ነው፣ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። ሄንሪ ኦስማስተንና ጓደኞቹ በ2005 ባወጡት ጥናት፣ በዚህ ተራራና በዙሪያው ቢያንስ 30 ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ የበረዶ ቆብ እንደ ነበረ፣ በባሌ በጠቅላላው በረዶ የያዘው ስፍራም ወደ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ገመቱ። በ2021 ደግሞ አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ፣ ከስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተነሥተው፣ የባሌንና የአርሲን ተራሮች አንድ ላይ መርምረው አዲስ ውጤት አወጡ። እንደ እነርሱ አባባል በደቡቡ የኢትዮጵያ ደጋ በረዶው በሰፋበት ጊዜ ከ350 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍን ነበር። የሰፋበትም ጊዜ ከዛሬ 40,000 እስከ 30,000 ዓመት ግድም በፊት ነው። ይህም ከሌሎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድማል። በዚያን ጊዜ የነበረው ብርድ ከዛሬው ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጥ እንደ ነበረ አስልተዋል።

ይህን እንዴት አወቁ? ከድንጋዩ ነዋ! ከሰማይ የሚመጣው ጨረር በገላጣ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ፣ በድንጋዩ ውስጥ ካለው ንጥረ ነገር ክሎሪን 36 የተባለ የክሎሪን ዓይነት ይፈጠራል። በረዶው ቋጥኙን ተሸክሞ አውርዶ ካስቀመጠው ቀን ጀምሮ ይህ ነገር በጥቂት በጥቂቱ ይጠራቀማል። ከቋጥኙ ራስ ላይ ቅራፊ ወስዶ የተጠራቀመውን የለካ ሰው፣ ቋጥኙ እዚያ የተቀመጠበትን ዘመን ያገኛል። እንግዲህ ከባዳና ከሳነቴ ጎን የተኮለኮለው ድንጋይ ሁሉ በውስጡ ሰዓት ተሸክሟል ማለት ነው።

ሰዎችም ያንን በረዶ አይተውታል። በባሌ ተራሮች ውስጥ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፍንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። በ2019 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ከዛሬ 47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በዚህ ስፍራ ሰዎች እየተመላለሱ ኖረዋል። የባሌን ትልቅ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚገኝ ስፍራ ያመጡ ነበር። የሚጠጡትም ውሃ ከበረዶው የሚቀልጠው ነበር። ስለዚህ በኢትዮጵያ የበረዶ ታሪክ የሰውም ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ድንጋዩ ሥራ እንምጣ። ግግር በረዶ ብቻውን አይኖርም። በላዩ ካለው ገደል ብርድና ፀሐይ የሰነጠቁት አለት እየተናደ ይወድቅበታል። የወደቀው ድንጋይ ላይኛው ክፍል ላይ ከሆነ በየዓመቱ በሚጥለው አመዳይ ይቀበራል፣ ከበረዶውም ጋር ወደ ታች ይጓዛል፣ በረዶው በሚቀልጥበት በታችኛው ክፍል እንደ ገና ብቅ ይላል። በረዶው ሲቀልጥ ድንጋዩ አይቀልጥምና እየተጠራቀመ የበረዶውን ግንባር ይሸፍነዋል። ዛሬ በካራኮረም የባልቶሮን፣ በኤቨረስት ግርጌ የኩምቡን ግግር በረዶ የታችኛውን ጫፍ የሚያይ ሰው፣ የሚያየው የድንጋይ ሜዳ እንጂ በረዶ አይደለም። በ2020 በታተመ የዓለም ቆጠራ፣ በዓለም ተራሮች ካለው ግግር በረዶ ከመቶ 7 እጅ የሚሆነው እንዲህ በድንጋይ የተሸፈነ ነው።

ታዲያ ድንጋዩ በረዶውን ይጠብቀዋል ወይስ ያጠፋዋል? መልሱ እንደ ውፍረቱ ነው። ስስ የሆነ አቧራ ወይም ጠጠር ቢበተንበት በረዶው ይጠቁራል። ጥቁር ካባ ለብሶ በቀትር ፀሐይ የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባል። ስለዚህ በረዶው ነጭ ሆኖ ከሚቀልጠው ይልቅ ፈጥኖ ይቀልጣል። ድንጋዩ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ሲያዳፍኑት እስከ ንጋት ሳይጠፋ ያድራል፤ አመዱ ሙቀቱን ወደ ውጭ አያስወጣምና። ወፍራም ድንጋይም የዚሁ ተቃራኒ ነው፤ የውጭውን ሙቀት ወደ ውስጥ አያስገባም። በረዶው እንደ ተዳፈነ ፍም ከድንጋዩ ሥር ለብዙ ዘመን ይቆያል። ይህን በልክ ያሳየው ጉናር ኧስትረም የተባለ ኖርዌያዊ ነው። በ1959 በሰሜን ስዊድን በኬብነካይሰ ተራራ አጠገብ በአንድ ግግር በረዶ ላይ፣ ድንጋዩ በወፈረና በቀጠነ ቁጥር ከሥሩ የሚቀልጠውን በረዶ ለካና በአንድ መሥመር ሣለው። የኧስትረም መሥመር እየተባለ እስከ ዛሬ በትምህርቱ ዘርፍ ይሠራበታል።

የፊዚክስ ተማሪ ያልሆነ ወዳጃችን እንዳይሰለች እያሰብን አንድ አጭር ስሌት እንሥራ። ሙቀት በድንጋይ ውስጥ የሚያልፍበት ልክ በአንድ ሜትር ውፍረትና በአንድ ዲግሪ ልዩነት ወደ 1 ዋት ነው እንበል። የድንጋዩ የላይ ገጽ በቀንና በሌሊት አማካይ 10 ዲግሪ ይሁን፤ ከሥር ያለው በረዶ 0 ዲግሪ ነው። የድንጋዩ ውፍረት 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በአንድ ካሬ ሜትር 100 ዋት ያልፋል። ይህም በ24 ሰዓት 8,640,000 ጁል ይሆናል። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334,000 ጁል ያስፈልጋል። ሲካፈል በቀን 26 ኪሎ ያህል በረዶ ይቀልጣል። ውፍረቱ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሚቀልጠው ወደ 5 ኪሎ ይወርዳል። አንድ ሜትር ቢሆን ደግሞ 2 ኪሎ ተኩል ግድም ነው። የሰው ቁመት በማይሞላ ድንጋይ ምክንያት የበረዶው ዕድሜ ስንት እጥፍ እንደሚረዝም ከዚህ ይታያል።

ነገር ግን ይኸው ቀመር ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በቀን 260 ኪሎ ይቀልጣል ይለናል። ይህ ከእውነት የራቀ ነው። ድንጋዩ ያን ያህል ሲቀጥን በረዶው ራሱ ስለሚያቀዘቅዘው የላይ ገጹ 10 ዲግሪ ሆኖ መቆየት አይችልም። ንፋሱና ትነቱም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ሞዴል የሚሠራ ሰው የፀሐዩን ጨረር፣ የሌሊቱን ቅዝቃዜ፣ ንፋሱን፣ የድንጋዩን ርጥበት ሁሉ አንድ በአንድ መቁጠር አለበት። ከሁሉም በላይ የድንጋዩን ውፍረት ማወቅ አለበት። ውፍረቱን ደግሞ ከሰማይ በሚነሣ ፎቶግራፍ ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ወርዶ መቆፈር፣ መለካት ያስፈልጋል። ዛሬ የሳተላይት ሙቀት ለኪ ብዙ ይረዳል፤ እርሱም ቢሆን በመሬት ላይ በተገኘ ልክ ካልተፈተነ አይታመንም።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። በድንጋይ በተሸፈነ በረዶ ላይ በየቦታው ገላጣ የበረዶ ገደሎችና ትናንሽ ኩሬዎች አሉ። በእነዚህ ስፍራዎች በረዶው ከዙሪያው እጅግ ፈጥኖ ይቀልጣል። የሂማላያ በረዶ ከሳተላይት ሲለካ፣ በድንጋይ የተሸፈነው ክፍል ካልተሸፈነው እምብዛም ሳይለይ ሲቀጥን መገኘቱ ሊቃውንቱን ያስደነቀው ከ2012 ጀምሮ ነው። ገደሎቹና ኩሬዎቹ ለዚህ አንዱ ምክንያት ናቸው። ሌላው ምክንያት ከላይ የሚመጣው የበረዶ ጉዞ መዳከሙ ነው። ነጭ በረዶ ሲጠፋ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ድንጋይ የለበሰው ግን ባለበት ይቀጥናል። ሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ግንባሩ አልተነቃነቀምና ደኅና ነው ይላል፤ ውስጡ ግን እያለቀ ነው። ያም ሆኖ ሁሉም ተደምሮ ሲታይ፣ በ2021 በወጣው የዓለም ስሌት መሠረት ድንጋዩ ከሥሩ ያለውን መቅለጥ በአማካይ ከመቶ 37 እጅ ይቀንሰዋል። ድንጋዩን የዘነጋ ሞዴል እንግዲህ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ።

እስከዚህ ድረስ የነገርናችሁ የሌላ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። ከአርሲ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። የባዳና የሳነቴ የድንጋይ ቁልል፣ በሳይንስ ቋንቋ ሞሬን የሚባለው፣ እንደ ጥንት ቴርሞሜትር ይነበባል። ቁልሉ በረዶው የደረሰበትን ድንበር ያሳያል። ከድንበሩ የበረዶው ስፋት ይሰላል፤ ከስፋቱ በረዶው የሚጠራቀምበትና የሚቀልጥበት ክፍል የሚለያዩበት ከፍታ ይገኛል፤ ያ ከፍታ ከዛሬው ሁኔታ ጋር ሲነጻጸር የጥንቱ ብርድ ይታወቃል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከፍታው ወደ ዲግሪ ይለወጣል። በዚህ መንገድ ውስጥ ግን አንድ የተደበቀ እምነት አለ። ይኸውም ከበረዶው ስፋት ከመቶ 60 እጅ የሚሆነው የሚጠራቀምበት ክፍል ነው የሚለው ነው። ይህ ለነጭ በረዶ ደግ ግምት ነው። ድንጋይ ለለበሰ በረዶ ግን አይሠራም። ድንጋዩ ስለሚጠብቀው በረዶው ሊቀልጥ ከሚገባው በታች ወርዶ፣ ረዝሞ ይኖራል፤ የሚጠራቀምበት ክፍል ከመቶ 40 እጅ ወይም ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሳያስብ የሚያሰላ ሰው የሚያገኘው ከፍታ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። በ200 ሜትር ቢሳሳት፣ ብርዱን በ1.3 ዲግሪ አብዝቶ ይናገራል። ከ5 ዲግሪ ውስጥ 1.3 ዲግሪ ሩብ ያህል ነው፤ ይህ ስሕተት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የወደፊቱን የአየር ጠባይ የሚተነብዩ ታላላቅ የዓለም ሞዴሎች ከሚፈተኑባቸው መንገዶች አንዱ ያለፈውን ብርድ በትክክል መናገር መቻላቸው ነው። ፈተናው ራሱ የተሳሳተ መልስ ከያዘ፣ ትክክለኛውን ተማሪ እናወድቃለን፤ የተሳሳተውንም እናሳልፋለን። የወደቀውና ያለፈው ሞዴል ደግሞ ነገ ለአርሲ ገበሬ ዝናቡ ይበዛል ወይም ያንሳል የሚል ነው።

እኛ እንደምናየው የአርሲና የባሌ ተራሮች ለዚህ ጥያቄ ከብዙ አገር የተሻሉ መፈተኛ ናቸው። ምክንያቱም በአንድ የአየር ጠባይ ሥር ሁለት ዓይነት በረዶ ኖሮባቸዋል። በሜዳማው የተራራ ራስ ላይ የተኛው የበረዶ ቆብ በላዩ የሚናድበት ገደል ስላልነበረ ከላይ የሚወድቅበት ድንጋይ ጥቂት ነው። በገደል ሥር ባሉት ሸለቆዎች የወረደው በረዶ ግን ድንጋይ ይዘንብበት ነበር። ሁለቱን በአንድ ሞዴል አስልቶ፣ የየራሳቸውን ቁልል በየዘመኑ ለክቶ ማነጻጸር፣ የድንጋዩን ድርሻ ለብቻው ነጥሎ ለማየት በር ይከፍታል። እርግጥ ነው፣ ሸለቆው ጥላ አለው፤ ፊቱ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ መሆኑም ለውጥ ያመጣል። እነዚህ ግን በሂሳብ ሊገቡ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። በረዶው ጨርሶ በመጥፋቱ ደግሞ የሸለቆው ወለል እንዳለ ተገልጧል። በሂማላያ ከበረዶ ሥር ያለውን መሬት ለማወቅ በራዳር ይደከማል፤ በባዳ ግን በእግር ይኬዳል።

የሚቃወመን ሰው ምን እንደሚል እናውቃለን። «በአገራችን ስንት ችግር እያለ፣ ከ15,000 ዓመት በፊት ስለ ቀለጠ በረዶ መጨነቅ የጠገበ ሰው ሥራ ነው» ይላል። ይህ አነጋገር ለጊዜው ያስጨበጭባል፤ ሲመረመር ግን አይቆምም። የቀለጣ ወንዝ ከአርሲ ደጋ ተነሥቶ አዋሽ ይገባል። ቀታር ወርዶ የዝዋይን ሐይቅ ይመግባል። ዋቢ ሸበሌም መነሻው ከዚሁ ከፍተኛ ምድር ነው። እነዚህ ወንዞች ዛሬ የሚጠብቃቸው በረዶ የላቸውም፤ ያላቸው ዝናብና በደጋው አናት ላይ እንደ ሰፍነግ ውሃ የሚይዘው ረግረግ ነው። ከረግረጎቹም መካከል የበረዶው ሥራ የተውልን አሉ። የባዳ ረግረግ ጭቃ ሳይቀር ተመርምሮ፣ በውስጡ ከተቀበረው የአበባ ዱቄት የጥንቱ ዕፅዋት ታሪክ ተነቧል። ዛሬ የእርሻ ማሳና የከብት ግጦሽ በየዓመቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የሚረገጠው ይህ ሰፍነግ ነው። በረዶው በጠፋ ጊዜ ተራራው ምን እንደ ሆነ ያላወቀ ሰው፣ ረግረጉ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ሊናገር አይችልም።

ወደ ጎረቤቶቻችንም እንመልከት። የኪሊማንጃሮ በረዶ ከ1912 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ከመቶ 85 እጅ ያህሉ ጠፍቷል። የኬንያ ተራራና የርዌንዞሪም ዕጣ ከዚህ የተለየ አይደለም። የዓለም የሜትዎሮሎጂ ድርጅት በ2021 ባወጣው መግለጫ፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ2040ዎቹ በአፍሪካ በረዶ እንደማይኖር አስጠንቅቋል። በ2023 የወጣ ስሌት ደግሞ በዚህ መቶ ዓመት መጨረሻ የዓለም ተራሮች እንደ ሙቀቱ መጠን ከበረዷቸው ከመቶ ከ26 እስከ 41 እጅ እንደሚያጡ ይናገራል። ያም ስሌት የድንጋዩን ሥራ ቆጥሮ የተሠራ ነው። ሌሎቹ ገና የሚደርሱበትን ተራሮቻችን አስቀድመው አልፈውበታል። በረዶው ከ18,000 እስከ 15,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ከእኛም ከጎረቤቶቻችንም ተራሮች ሲሸሽ ምን እንደ ተከተለ ማወቅ፣ ነገ ለሚደርስባቸው ሁሉ ትምህርት ነው።

አንድ የሚያሳዝነን ነገር አለ። «የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል» እንደሚባለው ሆኖብናል። የኢትዮጵያ ተራሮች በረዶ እንደ ነበራቸው የሚናገሩት መጻሕፍትና መጽሔቶች በብዛት የታተሙት በውጭ አገር፣ በውጭ ቋንቋ ነው። የሰሜንን ተራሮች ሃንስ ሁርኒ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ደክሞ አጥንቷል። የባሌንና የአርሲን ደግሞ ከላይ የጠቀስናቸው አጥንተዋል። እነዚህን ሰዎች እናመሰግናቸዋለን እንጂ አንነቅፋቸውም። ስዊድኖች በ1967 በአሰላ የጭላሎን የእርሻ ልማት ድርጅት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሲያቋቁሙ የጠቀሙንን ማንም የአርሲ ሰው አይረሳውም። ነገር ግን ሌላው ባነበበልን ብቻ እየረካን እስከ መቼ እንኖራለን? የአርሲ ልጅ የአልፕስን በረዶ በትምህርት ቤት ሥዕል ሠርቶ ማርክ ያገኝበታል፤ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የበረዶ ቁልል ግን የሚያየው እንደ ተራ የድንጋይ ክምር ነው። ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ድንጋይ ለአጥር፣ ለቤት መሠረት፣ ለመንገድ ያስፈልጋል። ገበሬው ከማሳው አጠገብ ያለውን ቁልል ቢያነሣ ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ምን እንደ ሆነ የነገረው ሰው የለምና። ሆኖም አንድ ቋጥኝ አንድ ጊዜ ከተነሣና ከተገለበጠ፣ በውስጡ ያለው ሰዓት ተበላሽቷል። ለብዙ ሺህ ዓመት ወደ ሰማይ ያየው ፊቱ ወደ መሬት ዞሯል፤ ዘመኑን የሚጠይቀው ሰው ሐሰተኛ መልስ ያገኛል። የተቃጠለ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ሊኖረው ይችላል። የተገለበጠ ቋጥኝ ግን ቅጂ የለውም። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2011 ተቋቁሟል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሁለቱም በይበልጥ የሚታወቁት በአራዊታቸውና በዕፅዋታቸው ነው። ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን መጠበቃቸው ደስ ይለናል፤ ድንጋዩም ይጠበቅ ዘንድ እንለምናለን።

ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ነገሮች በተማሪዎች ማኅበር ስም እንድናቀርብ አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የጂኦሎጂና የጂኦግራፊ ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል ሁሉ የአርሲን፣ የባሌንና የሰሜንን የጥንት በረዶ በመደበኛ ትምህርቱ ውስጥ ያግባ። ለተማሪዎች የመስክ ጉብኝት ሲታሰብም ባዳ ከአሰላ የአንድ ቀን ጉዳይ መሆኑ ይታወስ።

ሁለተኛ፣ ከአርሲና ከባሌ የመጣን ተማሪዎች በጥር የዕረፍት ጊዜ፣ ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚወርድበት ወራት፣ አንድ ትንሽ ልክ እንጀምር። ጥቁር ድንጋይ በየውፍረቱ እንከምርና ቴርሞሜትሩን በ5፣ በ10፣ በ20 እና በ40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እናስቀምጥ፤ ቀንና ሌሊት በየሰዓቱ እንመዝግብ። የቀኑ ሙቀት ወደ ታች ሲሄድ እየደከመና እየዘገየ፣ አንድ ክንድ ሲደርስ ከሞላ ጎደል እንደሚጠፋ በዓይናችን እናያለን። ከዚህ መዝገብ ሙቀት በአርሲ ድንጋይ ውስጥ የሚያልፍበት ልክ ይወጣል። በረዶ ባይኖረንም ሞዴሉ የሚፈልገውን አንድ ቁጥር ከራሳችን ድንጋይ ልንሰጠው እንችላለን። ወጪውም የጥቂት ቴርሞሜትር ዋጋና የጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ነው።

ሦስተኛ፣ የሂሳብና የፊዚክስ ተማሪዎች ከጂኦሎጂዎቹ ጋር ይቀመጡ። ሞዴል ማለት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ተአምር አይደለም፤ ከላይ በአንድ አንቀጽ የሠራነው ስሌት በብዙ ሺህ ነጥብ ላይ ሲደጋገም ነው። ቁጥሩን የሚያውቀው ተራራውን ካላወቀ፣ ተራራውን የሚያውቀውም ቁጥሩን ከፈራ፣ ሁለቱም ግማሽ ሰው ናቸው። አርሲ ዩኒቨርሲቲ ከ2014 ጀምሮ ከነዚሁ ተራሮች ግርጌ በአሰላ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ማኅበር ለማቋቋም ከዚያ የተሻለ ስፍራ ማን ይጠቁመናል?

አራተኛ፣ ስለ ተራሮቻችን የተጻፈው ሁሉ በአማርኛና በኦሮምኛ አጥሮ ይተርጎም፤ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለአካባቢው ሽማግሌዎች ይዳረስ። ሽማግሌ ያወቀውን ቁልል ማንም አያፈርሰውም። ድንጋይ የሚያስፈልገው ገበሬም ከየት ቢያነሣ እንደማይጎዳ አብሮ ይነገረው፤ «አትንካ» ብቻ ብሎ መሄድ የምሁር ሥራ አይደለም።

ከነዚህ አሳቦች አንዱ እንኳ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቁት ትጋትና ለገዛ አገር ማፈርን መተው ነው። ጽሑፋችንን የሚነቅፍ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር በሚቀጥለው እትም መልሱን ይጻፍልን፤ በደስታ እንቀበላለን። ከመጻፉ በፊት ግን በዕረፍቱ ጊዜ ወደ ባዳ ወጥቶ ቁልሉን በዓይኑ አይቶ ይመለስ። ከዚያም በኋላ ድንጋይ ብቻ ነው ቢል፣ ያን ጊዜ እንከራከራለን።